በዱባይ ተራ ወርክሾፖች የኤሌክትሪክ ጭነትና የከፍተኛ ፍላጎት ክትትል

የኤሌክትሪክ ጭነት ክትትል ሁለት መጠኖችን ለይቶ ከመያዝ ይጀምራል። አንደኛው በወሩ ውስጥ የተበላው ጠቅላላ ጉልበት ነው። በኪሎዋት ሰዓት ይለካል፤ ቆጣሪው ላይ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። ሁለተኛው በአንድ አጭር ጊዜ ውስጥ ማሽኖቹ ሁሉ ባንድነት የጠየቁት ኃይል ነው። ይህኛው በኪሎዋት ይለካል፤ የሚወሰደውም በቅጽበት ሳይሆን የ15 ወይም የ30 ደቂቃ አማካይ ሆኖ ነው። ባለ ዲማንድ ቆጣሪ እነዚህን አማካዮች እያወጣ ከሁሉም ትልቁን ብቻ ያስቀምጣል። የወሩ ከፍተኛ ፍላጎት የሚባለው ያ ቁጥር ነው።

የሁለቱ ልዩነት በስሌት ሲታይ ይጎላል። አንድ ወርክሾፕ 12 ኪሎዋት እየሳበ 10 ሰዓት ቢሠራ 120 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ሌላው 60 ኪሎዋት እየሳበ 2 ሰዓት ቢሠራም የሚበላው ያንኑ 120 ነው። ሁለተኛው ግን አምስት እጥፍ የሚሸከም ገመድ፣ ብሬከርና የትራንስፎርመር ድርሻ ይፈልጋል። በኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚመራ ባለቤት ይህን አያይም፤ የሚያየው ብሬከሩ ሲወርድበት ወይም ገመዱ ሲግልበት ነው።

የአዲስ አበባ መርካቶ አካል የሆነው ዱባይ ተራ ከውጭ ለሚያየው ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ ሸቀጥ የሚቸረቸርበት የመደብር ሰፈር ነው። በመርካቶ ግን ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላይኛው ወለል ስፌት ቤት፣ ጥልፍ ቤት ወይም የቲሸርት ማተሚያ የሆነበት ሕንፃ ብርቅ አይደለም። ካፌው በአንድ ጥግ እንጀራ ይጋግራል፤ ሊፍቱ ጭነት ያወጣል፤ የውሃ ዲናሞው ታንከር ይሞላል፤ በየሱቁ አምፖልና ስክሪን ቀኑን ሙሉ ይበራል። እንዲህ ያለ ሕንፃ በጠቅላላው ሲደመር ከአንድ መካከለኛ ፋብሪካ የማያንስ ጭነት ሊኖረው ይችላል። ከፋብሪካው የሚለየው አንድ ሥራ አስኪያጅ የሌለው መሆኑ ነው፤ ማሽኑን የሚያስነሣው እያንዳንዱ ተከራይ በገዛ ሰዓቱ ነው።

ክትትሉ ገንዘብ የሚመለከተው በሁለት መንገድ ነው። በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ታሪፍ የኢንዱስትሪ ደንበኛ ከኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ሌላ በኪሎዋት የሚሰላ የዲማንድ ክፍያ አለበት። ታሪፉ ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በደረጃ ሲስተካከል ቆይቶ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል በተወሰነ አዲስ መርሐ ግብር እየተለወጠ ነው። ስለዚህ የወሩን ዋጋ ከጎረቤት አፍ ሳይሆን ከራሱ ከቢሉ ማንበብ ይገባል። ቆጣሪው በንግድ ደንበኝነት የተመዘገበ ወርክሾፕ የዲማንድ ክፍያ ላይመጣበት ይችላል። እሱን የሚመለከተው ሁለተኛው መንገድ ነው፦ ከተፈቀደለት የኃይል መጠን በላይ መሳብ አይችልም፤ ቢሞክር የሚቆመው የራሱ ሥራ ብቻ ሳይሆን የሕንፃው ነው።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ የኃይል እጥረት ያለፈ ነገር የመሰለው ሰው ጥቂት አልነበረም። ግድቡ ለአገሪቱ የሚያመነጨውን ጨምሯል፤ ሕንፃው ጥግ የቆመውን ትራንስፎርመርና ከእሱ ወደ ፓኔሉ የሚመጣውን ኬብል ግን አላሰፋም። በዱባይ ተራ አንገቱ የጠበበው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው፤ ክትትሉም የሚያተኩረው እዚሁ ነው።

የመሥመሩን ንድፍ ማዘጋጀት

ከመለካት በፊት ኃይሉ የሚሄድበት መንገድ በአንድ ወረቀት ላይ ይሳላል። ከላይ የሚቀመጠው ትራንስፎርመሩ ነው። በአዲስ አበባ ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎቮልት ተቀብሎ በ400 ቮልት ገደማ ያወርዳል። አቅሙ ሰሌዳው ላይ በኪሎቮልት አምፔር ተጽፏል፤ 100፣ 200፣ 315 እና 630 የተለመዱ ናቸው። ባለ 315 ኪሎቮልት አምፔሩ በሙሉ አቅሙ በየፌዙ 455 አምፔር ያህል ይሰጣል። ከሥሩ ቆጣሪው፣ ዋናው ብሬከር፣ ወደየወለሉ የሚወጣው ገመድና የየወለሉ ቦርድ በቅደም ተከተል ይሰፍራሉ። በእያንዳንዱ ነጥብ የብሬከሩ አምፔርና የገመዱ ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር ይጻፋል።

ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ ከመለኪያው የበለጠ ያስገርማል። በድሮ ሕንፃ ላይ ተከራይ በመጣ ቁጥር አንድ መስመር እየተቀጠለ ስለኖረ፣ 63 አምፔር ብሬከር ተገጥሞለት ገመዱ ግን 40 አምፔር እንኳ በምቾት የማይሸከም ቅጥያ መገኘቱ ያለ ነው። እንዲህ ያለው መስመር ክትትል ሳይጠብቅ ወዲያው መስተካከል አለበት፤ ብሬከሩ ገመዱን የማይጠብቅ ከሆነ የትኛውም ግራፍ አይጠብቀውም።

ከፍታውም መረሳት የለበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ አብዛኞቹ ዓለም አቀፍ የሞተርና የትራንስፎርመር ደረጃዎች ግን ሰሌዳው ላይ ያለውን አቅም የሚያረጋግጡት እስከ 1,000 ሜትር ነው። አየሩ ሲሳሳ የማቀዝቀዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሰሌዳው 100 የሚል ዕቃ መርካቶ ላይ ሙሉ 100 ሆኖ ቀኑን ሙሉ መሥራት ላይችል ይችላል። ቱርቦ የሌለው የዲዝል ጄኔሬተር ላይ ጉድለቱ ይበልጥ ይታያል።

የዕቃ ቆጠራ

ቀጥሎ በወርክሾፑ ያለው ማሽን ሁሉ ከነሰሌዳው ይመዘገባል። ለማስረዳት ያህል የሚከተለውን ስፌት ቤት መውሰድ ይቻላል፦ ባለ 400 ዋት የክላች ሞተር ያላቸው 20 የስፌት መኪናዎች 8 ኪሎዋት፤ ለእንፋሎት ካውያ የሚያገለግሉ ሁለት ባለ 9 ኪሎዋት ቦይለሮች 18፤ ሦስት ሂት ፕሬሶች 6፤ ሁለት የጥልፍ መኪናዎች 3፤ ኮምፕሬሰር 4፤ የጨርቅ መቁረጫና መብራት ተደምረው 2 ኪሎዋት ከሩብ። ድምሩ 41 ኪሎዋት ገደማ ነው።

41 የተገጠመው ጭነት እንጂ የሚሳበው ጭነት አይደለም። ቦይለሩ ሲሞቅ ራሱን ያጠፋል፤ መቁረጫው ጠዋት ብቻ ይሠራል፤ ሃያውም ሰፊ እኩል ፔዳል አይረግጥም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን ሦስት ነገሮች ይጨመራሉ፦ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ፣ ሥራው ሳይበላሽ ለሩብ ሰዓት መቆም ይችል እንደሆነና በየትኛው ፌዝ ላይ እንደተሰቀለ። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመለሰው ከኤሌክትሪሺያኑ ሳይሆን ከማሽኑ ፊት ከሚቀመጠው ሠራተኛ ነው። ቦይለሩ ተዘግቶ እንፋሎቱ ስንት ካውያ እንደሚተኩስ የሚያውቀው ተኳሹ ነው።

ቆጣሪውን ማንበብ

ብዙ የኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ቁጥሮቻቸውን በተራ እያሳዩ ይዞራሉ፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መለያ ኮድ ይወጣል። 1.8.0 እስካሁን የተበላው ጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት ነው። 1.6.0 የወሩ ከፍተኛ ፍላጎት ነው። 1.7.0 በዚያች ቅጽበት የሚሳበው ኃይል፣ 3.8.0 ደግሞ ሪአክቲቭ ጉልበት ነው። የየፌዙ አምፔር በ31.7.0፣ በ51.7.0 እና በ71.7.0 ይታያል። ሁሉም ቆጣሪ ሁሉንም አያሳይም፤ የካርድ ቆጣሪ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቀሪ ሒሳብና የቅጽበቱ ኃይል ነው።

የ1.6.0 ቁጥር ወሩ ሲዘጋ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ ከመመለሱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣል። የአማካዩ ርዝመት 15 ይሁን 30 ደቂቃ ከአገልግሎት ማዕከሉ ተጠይቆ ይጻፋል፤ ሳይታወቅ የሚሠራ ስሌት ከቢሉ ጋር አይገጥምም።

ትልቅ ጭነት ያለው ቆጣሪ መስመሩን በቀጥታ ሳይሆን ጅረቱን አሳንሶ በሚያቀርብ የጅረት ትራንስፎርመር (ሲቲ) በኩል ያነባል። ሲቲው 200/5 ከሆነ የሚታየው ቁጥር በ40 ይባዛል፤ ማባዣው አስቀድሞ ተካትቶ የሚያሳይ ቆጣሪም ስላለ ከቢሉ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሲቲ ያለበትን ሳጥን መክፈት የደንበኛው ሥራ አይደለም፤ ታሽጓል። ከማኅተሙ በላይ ግን ለሕይወት ያሰጋል፦ ጅረት እያለፈ የሲቲው ሁለተኛ ጎን ከተቋረጠ አደገኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል።

ማሳያው ምንም በማይነግርበት ቆጣሪ ላይ የምትርገበገበው ቀይ መብራት ትበቃለች። አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። 400 የሚል ከሆነና 10 ጊዜ ለመብራት 60 ሰከንድ ከወሰደባት፣ 3,600 በ10 ተባዝቶ ለ60 እና ለ400 ሲካፈል 1.5 ኪሎዋት ይወጣል። ሲቲው 200/5 ሆኖ ማባዣው ካልተካተተ እውነተኛው ጭነት 60 ኪሎዋት ነው።

መለካት

ቆጣሪው የሕንፃውን ወይም የወርክሾፑን ጥቅል ይነግራል እንጂ የትኛው ማሽን እንዳወጣው አይነግርም። ለዚያ ክላምፕ ሜትር ወይም በየደቂቃው የሚመዘግብ ሎገር ያስፈልጋል። ክላምፑ የሚያቅፈው አንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ ገመዱን በሙሉ ካቀፈ የሚሄደውና የሚመለሰው ተጣፍቶ ዜሮ ገደማ ያነባል። የአምፖል ድራይቨር፣ የሰርቮ ሞተርና የስክሪን ጅረት ቅርጹ የተቆራረጠ በመሆኑ ትክክለኛውን አርኤምኤስ የሚያነብ መለኪያ ይመረጣል፤ ርካሹ ዓይነት እዚህ ላይ አሳንሶ ያነባል።

ክፍት ፓኔል ላይ የሚሠራው የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ነው፤ ብቻውንም አይሠራም። ሎገር ሲገጠም የእያንዳንዱ ሲቲ ቀስት ወደ ጭነቱ መዞሩና የቮልቴጁ ሽቦ ከዚያው ፌዝ መያዙ ይታያል። አንዱ ከተገለበጠ የዚያ ፌዝ ኃይል ተቀናሽ ሆኖ ይወጣል፤ ድምሩ ደግሞ እውነት የሚመስል ስሕተት ይሆናል።

የመሣሪያው ሰዓት ሌላ የስሕተት ምንጭ ነው። ሎገሩ 14፡00 ብሎ የሚመዘግበው ሠራተኛው ከቀኑ 8 ሰዓት የሚለውን ነው፤ ቀኑንም በፈረንጆች አቆጣጠር ይጽፋል። ከሎገሩ ጎን የሚያዘው የሥራ መዝገብ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ከመጀመሪያው ተወስኖ ገጹ አናት ላይ ይጻፋል። ካልሆነ የቦይለሩ ከፍታ ማንም ሠራተኛ ባልነበረበት ሰዓት ላይ ይገኛል፤ ከዚያም ያልነበረ ችግር ሲፈለግ ቀን ይባክናል።

ሎገር የመግዛትም የመከራየትም አቅም ከሌለ አንድ ሰው በየ15 ደቂቃው 1.8.0ን እየጻፈ ቢውል ሥራው ይሠራል። የሁለት ተከታታይ ንባቦች ልዩነት በአራት ሲባዛ የዚያ ሩብ ሰዓት አማካይ ኪሎዋት ነው። ትክክለኛነቱ ቆጣሪው በሚያሳየው አሥርዮሽ ቤት ይወሰናል፤ አድካሚ ቢሆንም ግን ከግምት በብዙ ይሻላል።

የልኬቱ ጊዜ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይሁን። አንድ ሳምንት የመርካቶን ጠባይ አያሳይም። አርብ የጁምዓ ሰዓት ላይ ብዙ መደብር ስለሚዘጋ ጭነቱ ይወርድና ሲከፈት ተያይዞ ይነሣል። እሑድ አብዛኛው ዝግ ነው፤ የበዓል ሰሞን ግን እሑድም ይሠራል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለዒድ ልብስ የሚያደርስ ስፌት ቤት የዓመቱን ከፍታ የሚያስመዘግበው በዓሉ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። በጸጥተኛ ወር ተለክቶ ለዓመቱ የሚወሰን ብሬከር በዋዜማ ይወርዳል።

ቮልቴጁም አብሮ ይመዝገብ። 220 መሆን የሚገባው ወደ 200 ቢወርድ ቦይለርና ካውያ 17 በመቶ ያህል ያነሰ ኃይል ይስባሉ፤ ሞተር ግን ሥራውን ለመጨረስ ተጨማሪ አምፔር ይወስዳል። ኃይሉ በደከመበት ሳምንት የተለካ የማሞቂያ ጭነት ቮልቴጁ ሲስተካከል ከተጻፈው በላይ ይወጣል ማለት ነው።

ግራፉን ማንበብ

የየሩብ ሰዓቱ አማካይ በቀን መስመር ላይ ሲሰፍር መጀመሪያ የሚፈለገው ሁሉም ነገር የተገናኘበት ቦታ ነው። በስፌት ቤቱ ምሳሌ የተለመደው ቀን ከፍታ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሆናል እንበል፤ ሁለቱ ቦይለሮች እየሞቁ፣ ሂት ፕሬሶቹ እየተጫኑ፣ ኮምፕሬሰሩ ታንከሩን እየሞላ፣ 29 ኪሎዋት። ወሩ 4,400 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ፣ በ720 ሰዓት ሲካፈል አማካዩ 6 ኪሎዋት ገደማ ነው። የአማካዩ ለከፍታው ያለው ድርሻ 21 በመቶ ነው፤ ይህ የጭነት ፋክተር ይባላል። በአንድ ፈረቃ ለሚሠራ ቤት ዝቅተኛ መሆኑ አያስደንቅም፤ ጠቃሚነቱ ከራሱ ካለፈው ወር ጋር ሲተያይ ነው።

ብዙ ጊዜ በከንቱ የሚወቀሰው የሞተር መነሻ ነው። ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው አምስት እስከ ሰባት እጥፍ ጅረት ይስባል፤ ያ ግን ለጥቂት ሰከንድ ነው። በ15 ደቂቃ አማካይ ውስጥ ሲሟሟ ከቁጥር አይገባም። መነሻው አምፖል ያደበዝዛል፣ በደንብ ያልተመረጠ ብሬከር ያወርዳል፤ የዲማንድ ክፍያውን የሚያወጣው ግን ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ የሚሳበው ነው። እሱም በአብዛኛው ሙቀት ነው፦ ቦይለር፣ ካውያ፣ ፕሬስ፣ በካፌው ደግሞ ምጣድ። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ሦስቱ ባንድነት ሲጣዱ ከላይኛው ፎቅ ሰፊዎች ሁሉ ይበልጣሉ።

ከሁሉ የከፋው ከፍታ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚታየው ነው። መብራት ሲሄድ ማብሪያዎቹ እንደበሩ ይቀራሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ቦይለሩ ቀዝቅዟል፣ ፕሬሱ ቀዝቅዟል፣ የኮምፕሬሰሩ አየር አልቋል፣ የሕንፃው ታንከር ጎድሏል፤ ሰፊዎቹም ያባከኑትን ሰዓት ለማካካስ ተጣድፈው ፔዳል ይረግጣሉ። በደህናው ቀን እየተፈራረቁ የሚበሩት ቴርሞስታቶች አሁን ሁሉም እኩል በርተው ለረጅም ጊዜ አይጠፉም። የምሳሌው ስፌት ቤት በዚህ ሩብ ሰዓት 37 ኪሎዋት ሊደርስ ይችላል። በ380 ቮልት፣ ኋላ የሚብራራው ፓወር ፋክተርም ታስቦ ሲሰላ በየፌዙ ወደ 64 አምፔር ይሆናል። ዋናው ብሬከር ደግሞ 63 ነው። ወሩን በሙሉ በጥንቃቄ የያዘ ባለቤት በአንድ እንዲህ ያለ ሩብ ሰዓት የወሩን ትልቅ ቁጥር ያስመዘግባል። ስለዚህ የመብራት መሄጃና መምጫ ደቂቃ በሥራ መዝገቡ ላይ ሳይታለፍ ይጻፋል።

ፌዝ፣ ኒውትራልና ሙቀት

64 አምፔር አማካይ ነው፤ ሦስቱ ፌዞች እኩል ሲሆኑ ብቻ እውነት ይሆናል። ሱቆችና ባለ አንድ ፌዝ ማሽኖች በተገኘው መስመር ሲቀጠሉ ስለኖሩ አንዱ 80፣ ሌላው 45 ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከአማካዩ ከአሥር በመቶ በላይ የሚርቅ ፌዝ ካለ ጭነቱ ይዛወራል፤ ከሁሉም ማስተካከያ ርካሹ ይሄ ነው፣ ከግማሽ ቀን የበለጠም አይፈጅም። ሲዛወር የሚታየው የቅጽበት ንባብ ሳይሆን የከፍታው ሰዓት ንባብ ነው።

ብሬከሩ አለመውረዱ ማስረጃ አይሆንም። ለቤትና ለመሰል አገልግሎት የተሠራ ትንሽ ብሬከር በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት በአንድ ሰዓት ውስጥ የግድ መውረድ ያለበት የስሙ 1.45 እጥፍ ሲያልፍበት ነው፤ ለ63ቱ ይህ 91 አምፔር ነው። 80 አምፔር ለረጅም ጊዜ ተሸክሞ ሊቆይ ይችላል፤ ገመዱና ማያያዣው ግን ያን ያህል ላይችሉ ይችላሉ።

ኒውትራሉም ለብቻው ይለካል። ፌዞቹ ሲዛነፉ ልዩነቱ በእሱ ይመለሳል፤ የኤልኢዲ አምፖልና የቻርጀር ሦስተኛ ሃርሞኒክ ደግሞ ፌዞቹ እኩል ቢሆኑም ኒውትራሉ ላይ አይጣፋም፤ ይደመራል። ከፌዙ ያነሰ ኒውትራል የተዘረጋበት የድሮ ሕንፃ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ኒውትራል ከተቋረጠ አንዱ ሱቅ ከ300 ቮልት በላይ ሊደርስበት፣ ሌላው ሊደበዝዝበት ይችላል፤ በአንድ ጊዜ የብዙ ተከራይ ዕቃ የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

በከፍታው ሰዓት የማያያዣዎቹ ሙቀት በኢንፍራሬድ መለኪያ ይታያል። በተመሳሳይ ጭነት ከጎረቤቱ ጎላ ብሎ የሞቀ ማያያዣ የላላ ወይም የዛገ ነው፤ ኃይል ተቋርጦ ይጠበቃል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ላይ የተነሣው ቃጠሎ፣ መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ በመርካቶ ጠባብ መንገዶች እሳት አጥፊ መኪና ማስገባት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አሳይቷል። እንዲህ ባለ ቦታ የሞቀ ማያያዣ ለነገ የሚባል አይደለም።

ፓወር ፋክተር

የክላች ሞተር ሰፊው ባይሰፋበትም ይሽከረከራል፤ ሥራ ሳይሠራ ሪአክቲቭ ጅረት ይስባል። ከሚሳበው ጅረት ውስጥ ሥራ የሚሠራው ድርሻ ፓወር ፋክተር ይባላል። ስፌት ቤቱ በ29 ኪሎዋት ከፍታው ላይ ፓወር ፋክተሩ 0.85 ከሆነ 52 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ 8.4 ኪሎቫር ገደማ ካፓሲተር ተገጥሞ ወደ 0.95 ቢወጣ 46 ይሆናል። ቦይለሮቹ ሲጠፉ ሞተሮቹ ብቻቸውን ስለሚቀሩ ፋክተሩ ወደ 0.5 ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ የወሩ አማካይ ከከፍታው ሰዓት የባሰ ሆኖ ይገኛል። ሃርሞኒክ በበዛበት ሕንፃ ካፓሲተር ያለ ልኬት ተገዝቶ አይገጠምም፤ ያብጣል፣ አልፎ ተርፎም ይፈነዳል። ብዙውን ጊዜ የሚሻለው የክላች ሞተሮቹን ቀስ በቀስ በሰርቮ መተካት ነው። ሰርቮ የሚስበው ሲሰፋ ብቻ ስለሆነ ኪሎዋት ሰዓቱንም አብሮ ይቀንሳል።

ከፍታውን ማውረድ

ጣሪያ የሚሆን ቁጥር አስቀድሞ ይወሰናል። ለምሳሌው ቤት 26 ኪሎዋት ተገቢ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ደግሞ 23 ላይ ይጮኻል። ወደዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው ትልቁ ነገር ሁለቱ ቦይለሮች በአንድ ጊዜ እንዳይሞቁ ማድረግ ነው። አንዱ ከሥራ መግቢያ በፊት ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ በታይመር ይነሣል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ሲጠፋ ብቻ እንዲበራ በኮንታክተር ይቆለፋል። ኮምፕሬሰሩ ምሳ ሰዓት ላይ ታንከሩን ይሞላል። የዲማንድ ክፍያው በኪሎዋት 100 ብር ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ ሦስት ኪሎዋት መቀነስ በወር 300 ብር ነው፤ ብዙ አይደለም። ዋናው ጥቅም ብሬከር ሳይቀየር፣ ገመድ ሳይዘረጋ አንድ ተጨማሪ ፕሬስ ማስገባት መቻሉ ነው።

ለመብራት መመለሻ ደግሞ የተለየ ሥርዓት ይበጃል። ትልልቆቹ ማሞቂያዎች ኃይል ሲቋረጥ ራሱን በሚለቅ ኮንታክተር ውስጥ እንዲያልፉ ይደረጋል፤ መብራት ሲመጣ በራሳቸው አይበሩም። መጀመሪያ መብራትና ስፌት መኪና፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንዱ ቦይለር፣ ያ ሲጠፋ ሁለተኛው፣ ከዚያ ፕሬሶቹ፣ በመጨረሻ ኮምፕሬሰሩ ይነሣሉ። ኮንታክተሩ እስኪገጠም ድረስ መብራት እንደሄደ ማብሪያዎቹን እየዞረ የሚያጠፋ አንድ ሠራተኛ ይመደባል፤ ቅደም ተከተሉም በጉልህ ተጽፎ ፓኔሉ አጠገብ ይለጠፋል።

ሕንፃው በጋራ ትራንስፎርመር ሲጠቀም የአንድ ወርክሾፕ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም። የሕንፃው አስተዳደር ወይም ባለአክሲዮኖቹ የየወለሉን ግራፍ በአንድ ላይ ደርበው ያያሉ። የየወለሉ ከፍታ ሲደመር ከሕንፃው ከፍታ ይበልጣል፤ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ስለማይገናኝ ነው። ዲናሞውን ወደ ሌሊት ማዛወር፣ ካፌው ጋገራውን ከማለዳው 1 ሰዓት በፊት እንዲጨርስ መስማማት ከማንም ገበያ የማይቀማ ማስተካከያ ነው። ወጪ ሲከፋፈል ግን በካሬ ሜትር መሆኑ ጠብ ያመጣል፤ በየወለሉ ንዑስ ቆጣሪ መግጠሙ ይመረጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ የከተማው ፍላጎት ስለሚከማች፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ ያለበት ቤት ካውያውን ከዚያ በፊት ማጠናቀቁ ለቮልቴጁም ይበጀዋል።

የወር መዝገብና የኃይል ማስጨመሪያ ጥያቄ

ከዚህ በኋላ ክትትሉ በወር አንድ ገጽ ይሆናል፦ ኪሎዋት ሰዓት፣ ከፍተኛ ፍላጎት፣ ከፍታው የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ የጭነት ፋክተር፣ በከፍታው ሰዓት የየፌዙና የኒውትራሉ አምፔር፣ የመብራት መቋረጥ ብዛት፣ አዲስ የገባ ወይም የወጣ ማሽን። ሎገር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በበዓል ሰሞን፣ እንደገና ይገጠማል።

ከፍታው በማሸጋሸግ ሊወርድ የሚችለውን ያህል ወርዶ አሁንም ከብሬከሩ አቅም ከ80 በመቶ በላይ ለወራት ከቆየ፣ ተጨማሪ ኃይል መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። ለአገልግሎት ማዕከሉ በሚቀርበው ማመልከቻ ላይ የተገጠመው ጭነት ድምር ብቻ ከተጻፈ ጥያቄው ከእውነቱ ይገዝፋል፤ የሚፈለገው ትራንስፎርመርና ወጪውም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ የሁለት ሳምንቱ ግራፍ፣ የመሥመሩ ንድፍ፣ የፓወር ፋክተሩ ንባብና በቀጣዩ ዓመት የሚገቡት ማሽኖች ዝርዝር ይያያዛል። ለመጠባበቂያ ጄኔሬተር ሲገዛም መነሻው ይኸው ግራፍ ነው፦ የሚሰላው ከመብራት መመለሻው 37 ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ተጠብቆ ከሚወጣው 26 ኪሎዋት ተነሥቶ፣ የሞተር መነሻና የአዲስ አበባ ከፍታ የሚቀንሰው ተጨምሮበት ነው። አዲሱ መስመር ወይም ትራንስፎርመር በተገናኘ በመጀመሪያው ሳምንት የፌዝ ሚዛኑና የማያያዣዎቹ ሙቀት እንደገና ይለካል፤ የቆጣሪው የሲቲ ማባዣ ከተቀየረም የመጀመሪያው ቢል ከራስ ንባብ ጋር ይመሳከራል።